የአጥንት ቲቢ ካንሰር ሲመስል፦ ከጥርጣሬ እስከ ማረጋገጫ

የአከርካሪ ኤምአርአይ ንባብ ብዙ ጊዜ «የተሰራጨ ካንሰር ወይም ቲቢ፤ ከሕመሙ ታሪክ ጋር ተገናዝቦ ይታይ» በሚል መስመር ይደመደማል። መስመሩን የጻፈው ራዲዮሎጂስት ከኃላፊነት እየሸሸ አይደለም። ሁለቱም በሽታዎች አጥንት ይበላሉ፤ ሁለቱም ሰውነት ያከሳሉ፤ ሁለቱም እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ያመጣሉ፤ ሁለቱም አከርካሪን ሰብረው ሕብለ ሰረሰርን ይጫናሉ። ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ቲቢ ላለበት ሰው በካንሰር ስም ኬሞቴራፒ መስጠት የመከላከል አቅሙን አዳክሞ ባክቴሪያውን ማስፋፋት ነው። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ያለበትን ሰው ለወራት የቲቢ ክኒን ማስዋጥ ደግሞ ሊድን የሚችልበትን ጊዜ ማባከን ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ያ መስመር እጁ ላይ ለደረሰ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው። ታካሚና ቤተሰብ ቢያነቡትም ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ሁሉንም ደረጃዎች የሚያያይዘው ሐሳብ አንድ ነው፦ ምስል ይጠረጥራል፣ የሚፈርደው ናሙና ነው፤ ናሙናው ደግሞ ገና ሲወሰድ ለሁለት ላቦራቶሪ ካልተከፈለ ፍርዱ ጎዶሎ ይሆናል።

1. ከሁሉ በፊት እግሩን ይመርምሩ

ታካሚው እንዲራመድ ያድርጉ። በተረከዙም በጣቶቹም ይቁም። እግሩ እየከዳው ከሆነ፣ በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ ከደነዘዘው፣ ሽንቱ አልወጣ ካለ ወይም ሳያስበው ከመጣበት፣ ጉዳዩ የምርመራ ቅደም ተከተል ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ሕብለ ሰረሰሩ እየተጫነ ነውና በዚያው ቀን የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ቦታ ይላኩት። ጫናውን ለማንሳት ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ናሙናውም እዚያው ይወሰዳል፤ ስለዚህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ቲቢም ካንሰርም ተጠርጥሯል፤ ናሙናው ለሁለቱም ይላክ» ብሎ መጻፍ የላኪው ሐኪም ግዴታ ነው።

ስለ ስቴሮይድ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይነሳ። ሕብለ ሰረሰር አደጋ ላይ ከሆነና ካንሰሩ በጣም ከተጠረጠረ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ መስጠት የተለመደ ነው፤ ማንም ሐኪም ለናሙና ሲል እግር አያሽመደምድም። አስቸኳይ ባልሆነ ሁኔታ ግን ናሙና ሳይወሰድ ስቴሮይድ አይጀመር። ሊምፎማ በስቴሮይድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሟሟ ስለሚችል ፓቶሎጂስቱ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) የሞተ ሕብረ ሕዋስ ብቻ ያገኛል።

2. ታሪኩን በጊዜ መስመር ይጻፉ

የአከርካሪ ቲቢ አዝጋሚ ነው። ሕመሙ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሲጎተት ቆይቶ ነው ታካሚው የሚመጣው። የተሰራጨ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈጥናል። በመግል አምጪ ባክቴሪያዎች የሚመጣ የአከርካሪ ኢንፌክሽን ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ከባድ ሕመም ያስከትላል። ይህ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ መቼ እንደባሰ፣ መቼ ክብደት መቀነስ እንደመጣ በወር ከፍሎ መጻፍ ከብዙ የደም ምርመራ ይበልጣል።

ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከሌለ ቲቢ አይደለም ብሎ ማሰብ ሰፊ ስሕተት ነው። የአጥንት ቲቢ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሕመሙ በቀር ምንም አይሰማቸውም። ሳል አለመኖሩም ነገሩን አይለውጥም፤ ባክቴሪያው ወደ አጥንት የሚደርሰው በደም ተጉዞ ስለሆነ ሳንባው ንጹሕ መስሎ አጥንቱ ሊታመም ይችላል።

ቀደም ሲል ቲቢ ታክሞ እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ፣ ኤችአይቪ፣ ስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ድክመት ወይም የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት እንዳለ ይጠይቁ። ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ይዙሩ፦ ከዚህ በፊት የታከመ ካንሰር ነበር? የጡትና የኩላሊት ካንሰር ከተወገዱ ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ አጥንት ውስጥ ብቅ ሊሉ ስለሚችሉ «ድሮ ነው፣ ድኛለሁ» የሚለውን መልስ በዝምታ አይለፉት። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል ሰው ከሆነ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ብሩሴሎሲስ የታችኛውን ወገብ አጥንት በመያዝ ከቲቢ ጋር ይምታታል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም የሚረሳው የመድኃኒት ታሪክ ነው። በቅርብ ወራት ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን ወይም የዚህ ቤተሰብ ሌላ መድኃኒት ወስዷል? እነዚህ ለሽንት ቧንቧና ለሳንባ ኢንፌክሽን በየቀኑ ይታዘዛሉ፤ ነገር ግን ቲቢውንም በከፊል ይመቱታል። ሕመሙ ትንሽ ይበርዳል፣ ናሙናው ባዶ ይወጣል፣ በሽታው ይቀጥላል።

በአካል ምርመራ ጡት፣ ፕሮስቴት፣ የእንቅርት ዕጢ፣ የወንድ ዘር ፍሬ፣ የአንገትና የብብት ንፍፊቶች ሳይዳሰሱ አይለፉ። ብሽሽትና ታፋንም ይዳስሱ፦ የወገብ ቲቢ መግል ሶአስ የተባለውን ጡንቻ ይዞ ወርዶ እዚያ እብጠት ይሆናል። እብጠቱ አይሞቅም፣ አይቀላም፤ በዚህ የተነሳ ዕጢ ነው ተብሎ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ።

3. የደም ምርመራ፦ ብዙ አይጠብቁ

መቆጣትን የሚለኩት የደም ምርመራዎች ኢኤስአር እና ሲአርፒ በቲቢም በካንሰርም ይጨምራሉ። ከ100 በላይ የወጣ ኢኤስአር ማየሎማን (የአጥንት መቅኔ ካንሰር) ጭምር ሊያመለክት ይችላል። ጥቅማቸው በኋላ ሕክምናው መሥራቱን ለመከታተል ነው፤ ስለዚህ መነሻ ቁጥር ይኑርዎት።

ለመለየት የሚረዱት ሌሎች ናቸው፦ የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ ካልሲየም፣ ክሬአቲኒን፣ ኤልዲኤች (የሕዋስ ጉዳት ጠቋሚ)፣ የፕሮቲን ኤሌክትሮፎረሲስ (የማየሎማ ፕሮቲን መፈለጊያ)፣ ዕድሜው ለገፋ ወንድ ፒኤስኤ (የፕሮስቴት ካንሰር ጠቋሚ)፣ እንዲሁም ለሁሉም ያለ ልዩነት የኤችአይቪ ምርመራ። የደም ማነስ፣ ከፍ ያለ ካልሲየምና የተዳከመ ኩላሊት አንድ ላይ ከመጡ ማየሎማን ከዝርዝሩ ፊት ያስቀምጡ።

በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራም ሆነ በደም የሚሠራው የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ ሰውየው ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቱን እንጂ አጥንቱ መታመሙን አይናገሩም። ኔጌቲቭ ቢሆኑም ቲቢን አያስወጡም። «የካንሰር ጠቋሚ» ተብለው የሚታዘዙ ምርመራዎችም እንዲሁ ያሳስታሉ፤ ሲኤ 125 የተባለው በሆድ ቲቢ ከፍ ብሎ ስንት ሴት የእንቁልጢ ካንሰር አለብሽ ተብላ ደንግጣለች።

4. ምስሉን ሲያነቡ ከየት እንደጀመረ ይፈልጉ

ተራ ኤክስሬይ ቀዳዳ የሚያሳየው ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የአጥንቱ ማዕድን ከጠፋ በኋላ ነው፤ ንጹሕ ኤክስሬይ ማንንም አያጽናና። የሚመረጠው በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ማድመቂያ) የተደገፈ ኤምአርአይ ነው፣ የሚያመው ቦታ ብቻ ሳይሆን ሙሉ አከርካሪው። ሩቅ ያለ ሁለተኛ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው።

ቲቢ እንደ ደንቡ የሚጀምረው በአከርካሪ አጥንቱ የፊት ክፍል፣ ከዲስኩ ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ ላይ ነው። ከፊት ባለው ጅማት ሥር እየተሳበ ወደ ጎረቤት አጥንት ይሻገራል። ባክቴሪያው ዲስክ የሚያሟሟ ኢንዛይም ስለሌለው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይተርፋል፣ በኋላ ይጠባል፤ አጥንቱ ወደ ፊት ተደርምሶ ጀርባው ይጎብጣል። ከጎን የሚጠራቀመው መግል ከአጥንቱ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ከመጠን በላይ ትልቅ ነው፤ በኮንትራስት ሲታይ ዙሪያው ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ ይበራል፣ መሃሉ ይጨልማል። በሲቲ ስካን በመግሉ ውስጥ የካልሲየም ፍንጣሪ ከታየ ለቲቢ ያደላል።

የተሰራጨ ካንሰር ሌላ መንገድ አለው። የአጥንቱን ኋላ ክፍልና ፔዲክል የሚባሉትን ሁለት ድልድዮች ቀድሞ ይበላል። ዲስኩን ይተዋል። ተከታታይ ያልሆኑ በርካታ አጥንቶችን ይይዛል። ከአጥንቱ የወጣው ሥጋ መሰል እብጠት በኮንትራስት ሲታይ ሙሉው ይበራል እንጂ እንደ መግል ቋጠሮ መሃሉ ባዶ አይሆንም።

እዚህ ድረስ ያለው በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። ችግሩ ይህን ንጽጽር በቃል የያዘ ሰው በራስ መተማመኑ ከምስሉ በላይ መሆኑ ነው። ቲቢ በአንድ አጥንት መሃል ብቻ ተቀምጦ ዲስኩን ሳይነካ ሊደረምሰው ይችላል። የኋላውን ቅስት ብቻ ሊይዝ ይችላል። በመካከል ጤነኛ አጥንት እየዘለለ በሦስትና በአራት ቦታ ሊታይ ይችላል፤ በተለይ የመከላከል አቅም ሲደክም። በተቃራኒው ማየሎማ ፔዲክልን መጀመሪያ ላይ ሊተው ይችላል፤ ሊምፎማ ደግሞ አጥንቱን ብዙ ሳይጎዳ ዙሪያውን በሥጋ ከቦ መግል ሊመስል ይችላል።

ፔት ስካን እንዲፈርድ መጠበቅም ከንቱ ነው። ስኳር የሚበላ ሕዋስ ሁሉ ይበራል፣ የቲቢ ቁስልም ስኳር ይበላል። የፔት ስካን እውነተኛ ጥቅሙ የት መርፌ እንደሚገባ ማሳየቱ ነው።

ከአከርካሪ ውጪ ዳሌና ጉልበት በብዛት ይያዛሉ። መገጣጠሚያው አጠገብ አጥንት መሳሳት፣ በጠርዞቹ መሸርሸርና ክፍተቱ ቀስ ብሎ መጥበብ አንድ ላይ ከታዩ ቲቢን ያስቡ። በሕፃን ጣት ላይ አጥንቱ እንደተነፋ ሆኖ ሲያብጥም እንዲሁ። የልጅ ረጅም አጥንት ሲሆን ግን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ኢዊንግ ሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር ትኩሳትና ከፍ ያለ ኢኤስአር ይዞ ሲመጣ ፍጹም ኢንፌክሽን ይመስላል።

5. ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ ይምረጡ

የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን በዚህ ደረጃ ይሠራ። ዓላማው የካንሰር ምንጭ መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ከአከርካሪ ይልቅ በቀላሉ የሚደረስበት ንፍፊት፣ የሳንባ ቁስል ወይም የመግል ቋጠሮ ሊገኝ ይችላል። አክታ ካለ ይላክ። አክታው ቲቢ ካሳየና ታሪኩም ምስሉም የቲቢ ከሆነ መንገዱ ቀለለ። ነገር ግን ለረጅም ዓመታት ሲያጨስ የኖረ አዛውንት አክታው ላይ ቲቢ ተገኘ ማለት አጥንቱ ላይ ያለው ካንሰር አይደለም ማለት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ሰው አብረው ይኖራሉ።

የአከርካሪ ናሙና በአብዛኛው በሲቲ ስካን እየተመራ በወፍራም መርፌ ይወሰዳል። አስቀድመው ፕላትሌትና የደም መርጋት አቅም ይታይ፣ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ይስተካከሉ። የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ብዙ ስለሚደማ ከተጠረጠሩ ለሚወስደው ሰው ይነገር። የታካሚው አጠቃላይ ሁኔታ ከተረጋጋና ሕብለ ሰረሰሩ ደኅና ከሆነ አንቲባዮቲክ አይጀመር፤ ተጀምሮ ከሆነም ከተቻለ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ተቋርጦ ናሙናው ይወሰድ።

ረጅም አጥንት ላይ ሳርኮማ ከተጠረጠረ ናሙናውን መውሰድ ያለበት የመጨረሻውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ነው፣ ወይም እሱ ባመለከተው መስመር ሌላ ሰው። መርፌው ያለፈበት መንገድ በኋላ ከዕጢው ጋር ተቆርጦ ይወጣልና። በችኮላ በአግድም የተቀደደ ቆዳ ሊድን የሚችል እግር ያስቆርጣል።

ቀዝቃዛ የመግል ቋጠሮ ሲቀዳ መርፌው በጤነኛ ቆዳ በኩል፣ በሰያፍ ይግባ፤ እብጠቱ አናት ላይ በቀጥታ ከተወጋ የማይደርቅ ቀዳዳ ሊተው ይችላል።

6. ናሙናውን እዚያው ይክፈሉ

አብዛኛው ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የሚበላሸውም በእውቀት ማነስ ሳይሆን በልማድ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ልማድ የወጣውን ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ ጥሩ ነው፤ ባክቴሪያን ግን ይገድላል። ፎርማሊን የነካው ናሙና ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማብቀል) አይሠራለትም። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ከተቀመጠው ናሙና ላይ በፒሲአር (ዘረመልን በሚያባዛ ምርመራ) የቲቢን ዘረመል ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ይሁንና ያ የመጠባበቂያ መንገድ እንጂ ዕቅድ አይደለም። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ መግል ብቻ ለባክቴሪያ ምርመራ ተልኮ አንድም ቁራጭ ለፓቶሎጂ ሳይደርስ ካንሰሩ ያመልጣል።

ስለዚህ ታካሚው አልጋው ላይ ከመውጣቱ በፊት ዕቃዎቹን በመደዳ ያዘጋጁ፣ በእያንዳንዱም ላይ ስም ይጻፉ።

አንደኛው ፎርማሊን ያለበት ነው፤ ለፓቶሎጂ ይሄዳል።

ሁለተኛው ከጀርም የጸዳና ጥቂት ጠብታ ሳላይን ብቻ ያለበት ነው፤ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው ፈጣን ምርመራ)፣ ለቲቢ ማይክሮስኮፕ ምርመራና ለቲቢ ካልቸር። ሳላይኑ ናሙናው እንዳይደርቅ ያህል እንጂ እንዲዋኝ አይደለም።

ሦስተኛውም ከጀርም የጸዳ ነው፤ ለሌሎች ባክቴሪያዎችና ለፈንገስ። ብሩሴላ ከተጠረጠረ ላቦራቶሪው አስቀድሞ ይነገረው፣ ለሠራተኞቹ አደገኛ ስለሆነ።

ሊምፎማ ከተጠረጠረና ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋሳትን በዓይነት የሚለይ ምርመራ) የሚሠራ ቦታ ካለ ፎርማሊን ውስጥ ያልተነከረ ትኩስ ቁራጭ በተጨማሪ ይቀመጥ።

መርፌው አንዴ ገብቶ መውጣቱ አይበቃም፤ በርካታ ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ከቁስሉ መሃል የሚወጣው ብዙ ጊዜ የሞተ ነገር ነው፤ ከጠርዙ፣ በመግል ቋጠሮም ከሆነ ከግድግዳው ጭምር ይወሰድ። መግል በጥጥ እንጨት ተነክሮ አይላክ፤ በመርፌ ተስቦ በዕቃው ውስጥ በብዛት ይላክ። የወጣው በጣም ትንሽ ከሆነ ለፓቶሎጂና ለጂን ኤክስፐርት ቅድሚያ ይሰጥ፣ ማይክሮስኮፑ ይቅር።

በሁለቱም የጥያቄ ወረቀቶች ላይ «ቲቢ ወይስ ካንሰር» ብለው ዕድሜውን፣ ቦታውንና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ይጻፉ። ለፓቶሎጂስቱ ስልክ ቢደውሉ ደግሞ ይሻላል፤ አጥንትን ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ጠንካራ አሲድ ዘረመልን ያጠፋል፣ የቲቢ ባክቴሪያን በቀለም ማየትንም ያዳክማል። ለስላሳዎቹ ቁራጮች አሲድ ሳይነካቸው እንዲለዩ፣ ወይም ኢዲቲኤ በተባለ ለዘብ ባለ ኬሚካል እንዲለሰልሱ መጠየቅ ይቻላል።

7. ውጤቶቹን ጎን ለጎን ያንብቡ

በአጥንት ቲቢ ባክቴሪያው ጥቂት ነው። ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ ለማሳየት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ይፈልጋል፤ ጂን ኤክስፐርት ከ100 ጥቂት በሚበልጥ ይበቃዋል፤ አልትራ የተባለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ ከ20 ባነሰ። ጂን ኤክስፐርት ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ሰጥቶ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መቋቋሙንም ይናገራል። ሆኖም ኔጌቲቭ መሆኑ ቲቢን አያስወጣም። ቀደም ሲል ቲቢ የታከመ ሰው ላይ ደግሞ ከሞተ ባክቴሪያ የቀረ ዘረመል ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል።

ፓቶሎጂው ግራኑሎማ የተባለ የመከላከያ ሕዋሳት ጉብታና አይብ መሰል የሞተ ሕብረ ሕዋስ ካሳየ፣ ጂን ኤክስፐርቱም ፖዘቲቭ ከሆነ ምርመራው አልቋል፤ መድኃኒቱን በተገኘው የመቋቋም ውጤት መሠረት ይጀምሩ። ግራኑሎማ ኖሮ ባክቴሪያ ካልተገኘ ቲቢ አሁንም ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው፤ ግን ብሩሴላ፣ ፈንገስና ሳርኮይዶሲስ የተባለው የመቆጣት በሽታም ግራኑሎማ ይሠራሉ። አንዳንድ ካንሰሮችም በአቅራቢያቸው ግራኑሎማ ይቀሰቅሳሉና ምስሉ ለካንሰር የሚያደላ ከሆነ ግራኑሎማ ስላዩ ብቻ ፋይሉን አይዝጉ። የካንሰር ሕዋስ ከተገኘ ደግሞ የቲቢው ዕቃ ውጤት እስኪመጣ ይጠበቅ፤ ሁለቱም ካሉ ኬሞቴራፒው የሚጀመርበት ጊዜ ከቲቢው ሕክምና ጋር ተመክሮበት ይወሰናል።

በጣም የሚያታልለው ውጤት «ሥር የሰደደ መቆጣት፤ የካንሰር ሕዋስ አልታየም» የሚለው ነው። ይህ መልስ አይደለም። በዚያ ቁራጭ ላይ አልታየም ማለት ነው። ምስሉ አጥንት እየፈረሰ መሆኑን ካሳየና ናሙናው ይህን ብቻ ካለ፣ መርፌው ዒላማውን ስቷል ብለው ይነሱ፤ ከሌላ ቦታ ይደገም፣ ሁለተኛውም ካልሆነ በቀዶ ሕክምና ይወሰድ። ታካሚው «ሁለት ጊዜ ተወጋሁ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ለምን እንደሚደገም በግልጽ ይነገረው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ካንሰር ነው» ወይም «ቲቢ ብቻ ነው» የሚል ቃል ከማንም የቡድኑ አባል አይውጣ።

8. ማስረጃ ሳይገኝ ሕክምና መጀመር ካስፈለገ

ናሙና ተደጋግሞ ያልተሳካበት ወይም ማድረግ የማይቻልበት ሁኔታ አለ። ያኔ በግምት የቲቢ ሕክምና መጀመር ይቻላል፤ ግን ቀጠሮ ያለው ግምት ይሁን። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ክብደት፣ የሕመም መጠን፣ የእግር ጥንካሬ፣ ኢኤስአርና ምስል ይመዝገቡ። ለክትትል የሚታመኑት ሕመሙ፣ ክብደቱና ኢኤስአሩ ናቸው፤ ኤምአርአይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ታካሚው እየዳነ ሳለ የባሰበት መስሎ ሊታይ ይችላል። የአጥንት ቲቢ ሕክምና እንደየመመሪያው ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ የመሻሻል ምልክት ግን ቀደም ብሎ መምጣት አለበት።

ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ክብደት ካልተመለሰ ወይም አዲስ ቁስል ከወጣ ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ይጣራሉ፦ መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ ነው? ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተቋቋመ ነው? በሽታውስ መጀመሪያውኑ ሌላ ነበር? ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለሱት በአዲስ ናሙና እንጂ ሌላ መድኃኒት በመጨመር አይደለም።

አንድ የቢሮ ሥራ ይቀራል። የቲቢ ካልቸር በፈሳሽ ማብቀያ እስከ 6 ሳምንት፣ በጠጣር ማብቀያ እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። ያኔ ታካሚው ወጥቷል፣ ናሙናውን የላከው ሐኪም ምናልባት ተዛውሯል፣ የላቦራቶሪው ወረቀትም ማንም በማያነሳው ትሪ ላይ ይተኛል። ናሙናው በተላከበት ቀን ውጤቱን የሚከታተል አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ የታካሚውና የአንድ የቤተሰብ አባል ስልክ ፋይሉ ላይ ይጻፍ፤ የ8ኛው ሳምንት ቀን በቀጠሮ መዝገብ ላይ ይያዝ።